ቁጥር የተጻፈበት የወተት ቅል

ከሚሴ በነበረችው ትንሽ ሙዚየም የወጣቶችንና የመምህራንን ሥልጠና የምመራው እኔ ነበርኩ። ሥራውን ጠላሁት ብል ውሸት ነው፤ የጠላሁት ኃላፊያችንን ነው። ሰውየው ከቢሮው ወጥቶ ጨፋ ሸለቆ ወርዶ አያውቅም። ዛሬም ላም የሚያልብ ሰው እንዳለ ማን ይንገረው! ለዕይታ የቀረበውን ዕቃ ሁሉ «በጥንት ዘመን ያገለግል የነበረ» እያለ ያስጽፈኝ ነበር።

አንድ ክረምት የታሪክ መምህራንን ስለ ቅርስ አመዘጋገብ እንዳሠለጥን ታዘዝኩ። በእጅ የሚነካ ነገር ስላስፈለገኝ ጨፋ ሮቢት ካለችው አክስቴ የወተት ቅሏን ተዋስኩ። ከእናቷ የወረሰችው፣ በወይራ ጭስ ጠቁሮ የወዛ ቅል ነው። ልጇ ልትዳር ነበርና ወተት ሞልታ ይዛው ነው ባሏ ቤት የምትገባው። «ሳምንት ብቻ» አለችኝ። ወላሂ ብዬ ማልኩላት።

ጉዱን የሠራሁት እኔው ነኝ። የቁጥር አጻጻፍ ላሳያቸው ብዬ ብሩሽ አነሳሁና በቅሉ ሥር በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፍኩበት፤ መዝገብም ላይ አሰፈርኩት። እንዴት ያለ ጅል ነበርኩ! ኃላፊው ገብቶ ሲያየው ወደደው። መስታወት ሳጥን ውስጥ አስገብቼ እንድቆልፍበት አዘዘኝ፤ ቆለፍኩ።

በሳምንቱ አክስቴ መጣች። መምህራኑ ሥልጠና ላይ ነበሩ።

«አሰላሙ አለይኩም። ኮቱ ልጄ፣ ና ቅሌን አውጣልኝ፤ ሠርጉ ደረሰ።»

ኃላፊው ቀደመኝ። «እናቴ፣ አንዴ ከተመዘገበ የሕዝብ ንብረት ነው፤ አይወጣም።»

«ያ ረቢ! እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?»

ያ ሁሉ መምህር ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። ፈሪ ሁሉ! እኔም ከነሱ አልተሻልኩም፤ «ደብዳቤ እንጽፋለን» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና ወጣች።

ሠርጉ ላይ አፍሬም ቢሆን ሄድኩ። ሙሽራዋ ወተቱን የያዘችው በቢጫ ጀሪካን ነበር። ለሰው ሁሉ ሲቀዳ ቆይቶ እኔ ጋ ሲደርስ አክስቴ እጇን ዘርግታ አስቆመች። «አንተ ሙዚየምህ ሂድና ጠጣ» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ኃላፊውን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ። ግን አክስቴ ቅሏን ልትወስድ የመጣች ቀን የሳጥኑ ቁልፍ የተንጠለጠለው እኔ አንገት ላይ ነበር። እሷም አይታዋለች።