ከጓሮ የተዛቀ አፈር

ጎረቤቴ የሰው ቃል ሳያጣራ ተቀብሎ አያውቅም። በእርሱ ዓይን ሚዛን የማይሰርቅ ነጋዴ የለም፤ የሐኪም መድኃኒት እንኳ ሳያሸት አይውጥም። ሰፈሩም «እስቲ ልየው» የሚል ስም አወጣለት። መጠንቀቅ መልካም ጠባይ ነው፤ ሰውን ሁሉ ሌባ አድርጎ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

አንዲት ወጣት የአፈር መርማሪ ከየማሳው ናሙና ስትሰበስብ እርሱም ደጅ ደረሰች።

«አፈሬ ምን ያደርግልሻል?»

«አርሰኒክ የሚባል መርዝ ይኖርበት እንደሆነ ልናይ ነው፣ አባባ። ድሮ የከብት መዥገር ይገደልበት ነበር። መሬት ከገባ ለብዙ ዘመን አይጠፋም፤ ተክሉም በሥሩ ይስበዋል።»

«ዛሬ አፈሬን፣ ነገ መሬቴን! እዚሁ ጠብቂ፣ እኔው አመጣልሻለሁ።»

ማሳውን መርዛም ብለው ሊነጥቁት እንደሆነ ጠርጥሯል። ስለዚህ ወደ ጓሮ ዞሮ፣ ሚስቱ ቆስጣ ከምታለማበት መደብ ጥቁሩን አፈር ዝቆ ከረጢቷን ሞላላት።

ከሳምንታት በኋላ መርማሪዋ ፊቷን አጨፍግጋ ተመለሰች።

«አባባ፣ ከማሳዎ የበቀለ እንዳይበሉ። መርዙ ከልክ አልፏል።»

እስቲ ልየው በሳቅ ፈነዳ። «ያዝኩሽ! የማሳዬ አፈር አይደለማ!»

«ታዲያ የየት ነው?»

ሊመልስ ሲል ዓይኑ ወደ በረንዳው ዞረ። ነፍሰ ጡር ልጁ እዚያ ተቀምጣለች። ደም አንሷታል ተብሎ እናቷ በየቀኑ የምትቀቅልላት ያንኑ ቆስጣ ነው።

«ተናገራ!» አለች ሚስቱ ከማድ ቤት ብቅ ብላ።

«የጓሮው ነው።»

«የቆስጣዬ? ልጄን በየቀኑ የማበላት? አንተ ሰውዬ፣ አገሩን ሁሉ ስትጠረጥር ራስህን አንድ ቀን እንኳ ብትጠረጥር ምን ነበረበት?»

«ጓሮው ቀድሞ ምን ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ከብት ለመዥገር የሚነከርበት ገንዳ» አለ እስቲ ልየው። « ቤቱን ስንገዛ እኔው ደፈንኩት።»

«እንግዲያው ልጅዎ ከዚያ ቆስጣ ሁለተኛ እንዳትቀምስ። ዛሬውኑ ሐኪም ይያት።»

እስቲ ልየው ቆስጣውን ከነሥሩ ነቅሎ በማዳበሪያ ከረጢት አሰረና ልጁን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። ሐኪሙ «ምን ትመገባለች?» ብሎ ሳይጨርስ፣ «ቆስጣ ነው፤ ከጓሮዬ፣ እኔ ከደፈንኩት ገንዳ ላይ የበቀለ» አለ። ሐኪሙ ሽንቷን አስመርምሮ መርዙ ጥቂት መሆኑን፣ ምግቡ ከተቋረጠም ከሰውነቷ እንደሚወጣ ነገረው።

በማግስቱ መርማሪዋን ማሳው ድረስ ወስዶ አካፋውን በእጇ ሰጣት። ስትቆፍር ግን አጠገቧ ቆሞ ዓይኑን ከአካፋው አልነቀለም።