መድኃኒት የተባለው ክር

በዚያ ቅዳሜ ረፋድ በኮሚናሉ ደጃፍ የነበሩትን አስቀድሜ ልጻፍ። ምንጣፍ ሊያጥቡ የወረዱ ሁለት ሴቶች ነበሩ። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆኑት ጡረተኛ መኮንን ነበሩ። በታችኛው ወለል የሚኖረው የታክሲ ሹፌር ነበረ። ሾላ ገበያ ሽንኩርት የምትነግደው የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ፣ አራት ዓመት ከሞላት ልጇ ጋር ነበረች። እኔም ነበርሁ፤ በፊቴም ቅጠል የሚፈላበት ትልቅ ድስት። ሁሉም የሚመለከቱት ድስቱን ነበር፤ ለምን እንደሚመለከቱት ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ኮሚናል የምንለው በኮንዶሚኒየሙ ግቢ መካከል ያለውን የጋራ ቤት ነው። በበዓል በግ ይታረድበታል፣ ለድግስ ወጥ ይሠራበታል፣ በሌላው ቀን ልብስ ይታጠብበታል። በየካ አባዶ በጠባብ ቤት ለሚኖር ሰው ትልቅ ድስት የሚጥድበት ሌላ ስፍራ የለም። እኔም ክሬን ቀለም የምነክረው እዚያ ነበር።

ክር ቀለም እንደምነክር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት የብራና መጻሕፍትን በመመርመርና በመጠገን ነው። ሥራው ዝምታን ይጠይቃል፤ ዝምታውም ጡረታ ስወጣ ተከትሎኝ ቤቴ ገባ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህማ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ሳልናገር ሳምንቱ የሚያልፍበት ጊዜ ነበረ። አንድ ጊዜ አሮጌ መጽሐፍ በቤቴ ስጠርዝ የሱቁ ክር እየተበጠሰ አስቸገረኝና ሾላ ወርጄ እንዝርት ገዛሁ። ሻጯ፣ «ለእማማ ነው?» አለችኝ። ዝም አልሁ። ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጥራ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ።

በአገራችን ወንድ ይሸምናል እንጂ አይፈትልም። ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ መጋረጃ ዘግቼ ፈተልሁ። መጀመሪያ ጥጥ ነበረ፤ መጽሐፉ ተጠርዞ ሲያልቅ እጄ ማቆም እንቢ አለ። ቀጥሎ የበግ ጠጉር መጣ። ከዚያ ከስልክ ቪዲዮ ሹራብ መሥራት ተማርሁ፤ ነጩ ክር ሲሰለቸኝ ደግሞ ወደ ቀለም ገባሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደ ተሻገርሁ ሳስብ አሁንም ግራ ይገባኛል። ብራና ሳነብ ይሰማኝ የነበረውን ጸጥታ በጣቶቼ መካከል አገኘሁት ብዬ ልለፈው።

ጠጉሩን የማገኘው በበዓል ማግሥት ነበር። «ቆዳ! ቆዳ ያለው!» የሚሉት ነጋዴዎች ሳይደርሱ ጎረቤት እያንኳኳሁ፣ ጠጉሩ ረዘም ያለውን የበግ ቆዳ ሸልቼ እንድወስድ እጠይቃለሁ። ይፈቅዱልኛል፤ «ለምን ይሆንዎታል?» ሲሉኝ ግን መልሴ፣ «ለጉዳይ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ቀለሙን የሚያጠቁር የዛገ ሚስማር ከግንበኞች ለመንሁ፤ ለእነሱም ለጉዳይ ነው አልኋቸው። የባሕር ዛፉን ቅጠልና ቅርፊት እንጦጦ ወጥቼ ራሴ እለቅም ነበር። ያም ቢሆን የራሱ እንቆቅልሽ አለው፤ አንዱ ዛፍ ፍም የመሰለ ቀለም ይሰጣል፣ በአጠገቡ የቆመው ወንድሙ የቀጠነ ሻይ ከመምሰል አያልፍም። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ደከምሁ፤ አላወቅሁትም። ቅጠሉን በማዳበሪያ ሞልቼ ስመለስ ጎረቤቴ ሹፌር የጫነኝ እንደሆነ፣ «ጋሼ፣ እርስዎን በጫንኩ ቁጥር የመኪናዬ ጉንፋን ይለቃታል!» ይላል፤ ተሳፋሪው ይስቃል፤ እኔ በመስኮት እመለከታለሁ።

ሽንኩርት ነጋዴዋንም የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ጠየቅኋት።

«ልጣጩን? ሽንኩርቱን አይደለም?»

«ልጣጩን ብቻ።»

«ለምንድነው?»

«ለጉዳይ ነው።»

ጥቂት ተመለከተችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ፣ አልጠይቅም» አለች። በማግሥቱ ሙሉ ጆንያ ደጃፌ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ጨዋነቷን አደነቅሁ።

ከዚያ በኋላ የሰው ሁኔታ ይለወጥ ጀመር። ጋሼ ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች የኔታ አሉኝ። የቤተ ክህነት መምህር ሆኜ አላውቅም፤ ይሁን እንጂ ለማረም መናገር ግድ ስለሚሆን ተውሁት። በደረጃው ስወርድ ሴቶች ግድግዳ ተጠግተው ያሳልፉኛል። የምሸልተውን የበግ ቆዳ ሳልጠይቅ የሚያመጡልኝ በዙ፤ አንዱማ፣ «የጥቁር በግ ነው» ብሎ በሹክሹክታ ነግሮኝ ሄደ። አንድ ማለዳ ደግሞ ደጃፌ ላይ እግሯ የታሰረ ገብስማ ዶሮ አገኘሁ። የጠፋች መስላኝ፣ ባለቤቷ መጥቶ እንዲወስድ ጽፌ በደረጃው መግቢያ ለጠፍሁ። የመጣ የለም። ለዘበኛው ልስጠው ብል፣ «እኔ? ኧረ በሕግ አምላክ!» ብሎ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። ዶሮዋ እስካሁን በረንዳዬ ላይ እንቁላል ትጥላለች።

ከሁሉ ይበልጥ ያስጨነቀኝ የክሩ ነገር ነው። ነክሬ በግቢው ገመድ ላይ ያሰጣሁት ክር ሲደርቅ ጎድሎ አገኘዋለሁ፤ ጫፉ በመቀስ ተቆርጧል። ከዕለታት አንድ ቀን የነጋዴዋን ልጅ ደረጃ ላይ አገኘኋት፤ በግራ እጇ አንጓ ላይ የእኔ ክር ታስሯል። ያን መዳብ የመሰለ ቀለም ያወጣሁት እኔ ስለሆንሁ ከሌላ አላሳስተውም። ሰጥቻት ረስቼው ይሆን? በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ ለማንም አያማክርም። ቤቴ ገብቼ፣ ያደረግሁትንና ያላደረግሁትን ለመለየት ስታገል ዋልሁ።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ሰብሳቢው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ከነዋሪው ቅሬታ ቀርቧል።»

«ስለ ሽታው ይሆናል» አልሁ። «ባሕር ዛፍ ነው፤ በሩን እከፍተዋለሁ።»

«የምን ሽታ! ስለ አሰጣጡ ነው እንጂ። ሦስተኛ ፎቅ ደርሶታል። አራተኛም በስውር ደርሶታል ይባላል። ግራውንድ ምን አጠፋ? በኮሚቴው በኩል፣ በየፎቁ፣ በፍትሐዊ መንገድ ይታደል ነው የምንለው።»

«ምኑ?»

«ክሩ ነዋ!»

ሹፌሩ ጣልቃ ገባ። «እኔ እንኳ ብዙ አልፈልግም የኔታ። ፍሬኔ ላይ የማስራት ስንዝር ትበቃኛለች። የካራ ቁልቁለት እያስፈራኝ ነው።»

«ለፍሬንህ መካኒክ ፈልግለት፤ የኔታስ ለምላስህ ይድረሱልህ!» አለችው ከምንጣፍ አጣቢዎቹ አንዷ።

ሥራዬን ደርሰውበት እነሱም ሊሠሩበት የፈለጉ መሰለኝ። «ለሹራብ ነው የፈለጋችሁት?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው «ሹራብ» የሚለውን ቃል እንዳይረሱት ይመስል በከንፈራቸው ደገሙት።

በዚህ ጊዜ ነጋዴዋ ልጇን ይዛ ወደ ፊት መጣች።

«የኔታ፣ እኔ ልናገር። ክሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። ይቺ ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ልጣጩን ሲለምኑኝ ነው አዋቂ መሆንዎ የገባኝ። ቅጠሉን ሳይ፣ ሚስማሩን ሳይ፣ የበጉን ጠጉር ሳይ ገባኝ። መጠየቅ ፈራሁ። እናቴ ብትሰማ፣ የሼኹ ዱዓ አንሶሽ ነው ብላ ትገድለኛለች። ግን ወላሂ የኔታ፣ ካሰርኩላት ወዲህ አንድ ቀን አልጣላትም!»

«ተመስገን» አልሁ።

«የጤና ጣቢያውን ኪኒንማ ከተውኩላት ሰነበትኩ። ስታደነዝዛት፣ ቀኑን ሙሉ ስታስተኛት ነበር። አሁን ይዩዋት፣ ትሮጣለች!»

የሰማሁት ነገር ቀስ እያለ ገባኝ። ይህች እናት የልጇን መድኃኒት ትታ በእኔ ክር ተማምናለች። ሕፃኗ ዛሬ ብትወድቅስ? በደረጃው ላይ፣ በመንገዱ ላይ፣ በዚህ በሚንተከተክ ድስት አጠገብ?

«ስሚኝ» አልኋት። «ይህ መድኃኒት አይደለም። ክር ነው። እኔ መድኃኒት አላውቅም።»

ምንጣፍ አጣቢዋ ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «አላልኩሽም? አዋቂ ሁልጊዜ አላውቅም ነው የሚለው።»

«አላውቅም እኮ ነው የምላችሁ!»

«ይኸው ደገሙት።»

ንግግር እንዲህ ከንቱ ሆኖብኝ አያውቅም። ዝም ብል አዋቂ ነኝ፤ ብክድ ከፍ ያልሁ አዋቂ ነኝ። በሥራዬ ላይ ሳለሁ አንድ ቃል ሲያጠራጥረኝ ከሌላ ቅጂ ጋር አመሳክረው ነበር፤ እዚህ ግን ስለ ራሴ የተጻፈው ስሕተት ብቻ ነበር በሁሉም እጅ የሚገኘው። የማደርገው ጠፍቶኝ ወደ ቤቴ ወጣሁ። ስመለስ ሰብሳቢው ሰዎቹን በየፎቃቸው ለይተው አቁመዋቸው ጠበቁኝ።

ባዶ ጀሪካን አጋድሜ ተቀመጥሁ። የሱሪዬን እግር ሰብስቤ፣ ከቤት ያመጣሁትን እንዝርት ጭኔ ላይ አሽከርክሬ ለቀቅሁት። በሰው ፊት ስፈትል የመጀመሪያዬ ነበር። ክሩ ተበጠሰ፤ ቀጠልሁት።

«እንዴ! የኔታ ይፈትላሉ?»

«ኧረ በማርያም! እንደ ባልቴት!»

«የምሠራው ይህን ነው» አልሁና፣ ያልተጨረሰውን ሹራብ ከነመርፌው አወጣሁ። «ቅጠሉም ሚስማሩም ለቀለሙ ነው። ካልሲም ሠርቻለሁ።»

«ካልሲ!» አለች አንዷ፤ ሳቁ በዚያች ቃል ፈነዳ። ሹፌሩ ሆዱን ይዞ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ እኛ ደብተራ ናቸው ብለን ስንፈራ ፈታይ ኖረዋል!» ወደ ጋሼነቴ እንደ ተመለስሁ ልብ አልሁ። ሰብሳቢው ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው፣ «ይህስ በአጀንዳው አልነበረም» አሉና ኮፍያቸውን አስተካክለው ሄዱ። ሹፌሩ የታክሲ ተራዬ ደረሰ ብሎ እየሳቀ ወጣ። ሴቶቹ እርጥቡን ምንጣፍ በግራና በቀኝ ተሸክመው ደረጃውን ሲወጡ ሳቃቸው ከፎቅ ወደ ፎቅ ይሰማ ነበር። በዝምታ ስጠብቀው የኖርሁትን ክብር በገዛ ጭኔ ላይ አሽከርክሬ እንደ ጣልሁት ተሰማኝ።

ያልሳቀችው እናቲቱ ነበረች።

«ስለዚህ ምንም የለበትም?» አለችኝ።

«ምንም። ቀለሙ ያንቺው የሽንኩርት ልጣጭ ነው።»

«የኔ?»

«አንቺ የሰጠሽኝ።»

የልጇን እጅ አንስታ ክሩን ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። «ታዲያ በሽታው ለምን ተዋት?»

«አላውቅም» አልሁ።

ቃሉ ቅድም ከካድሁበት ቃል የተለየ አልነበረም። የአዋቂ አላውቅም ይሁን የእውነተኛ፣ በፊቴ ላይ ስትፈልግ አየኋት። የትኛውን እንዳገኘች አልነገረችኝም። «የኪኒኑ ኃይል በሰውነቷ ቆይቶ ይሆናል፤ አጋጣሚም ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ሐኪም ነው። ኪኒኑን ጣልሽው?»

«መጣልማ ፈራሁ» አለችና ከቦርሳዋ አወጣችው።

ሕፃኗ ስታየው አፏን በሁለት እጇ ከደነች። «አልፈልግም! ይመራል!»

«እናቴ፣ አንዴ ብቻ።»

«መጀመሪያ አባባ ያንን ያሽከርክር።»

«ከዚያ ትውጫለሽ?» አልኋት።

አሰበች። «ካልተበጠሰ።»

ለማስተባበል ያን ሁሉ ደክሜ፣ የልጅቷ መዳኛ ተመልሶ በክሬ ላይ ተንጠለጠለ። እንዝርቱን አሽከረከርሁ፤ እስትንፋሴን ይዤ ጠጉሩን ቀስ በቀስ ሳብሁ። ክሩ ቀጥኖ ወረደ፣ ወረደ፣ መሬት ሊነካ ደረሰ፤ አልተበጠሰም። ልጅቷ ፊቷን አጨማድዳ ኪኒኑን ዋጠችው።

«ሰኞ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ» አለች እናቷ። «ማቋረጤን ስነግራቸው ይቆጡኛል።»

«አብሬሽ እመጣለሁ።»

«ምን ሊሏቸው?»

«የሆነውን ሁሉ።»

ይህን ያልሁት እኔ መሆኔ አስደነቀኝ። እሷም ክሩን በጣቷ እየነካካች፣ «ይሄስ ይቆይላት?» አለች። ፍቺው ማለት ነበረብኝ። «ከኪኒኑ ጋር ከሆነ ምን ከፋው» አልሁ። እንዲህ በማለቴ እንደ ጎረቤት ተናገርሁ ወይስ ተመልሼ የኔታ ሆንሁ፣ ዛሬም አልለየሁትም። ሕፃኗ እንዝርቱን ከእጄ ወስዳ በትንሿ ጭኗ ላይ ለማሽከርከር ትታገል ጀመር። ዙሪያዬን ተመለከትሁ፤ በኮሚናሉ ደጃፍ የቀረነው ሦስት ሰዎች ነበርን።