የበሩ ቀለበት

የዝገት ሽታ ሲሸተኝ ጀርመኑ አዛውንት ይመጡብኛል። ዛሬም ጋሻቸውን ከግድግዳ አውርጄ በዘይት ስወለውለው ሽታው እጄ ላይ ቀረ። የእንጨት ጋሻ ነው። የተዘጋ በር ተቀርጾበታል፤ በሩ ላይ እውነተኛ የብረት ቀለበት ተንጠልጥሏል። የመንደራቸው አርማ ነው።

ያኔ ጉልበት ነበረኝ፤ በስደት በገባሁበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ዊልቸር እገፋ ነበር። እሳቸው ጋሻውን ራስጌያቸው ሰቅለው፣ ምሳ ሲዘገይ ቀለበቱን ኳ ኳ ያደርጉታል። ፊደል ብዙ ስላልገፋሁ ሥዕል አያልፈኝም። "ምንድነው ይሄ?" አልኳቸው በዚያችው በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ።

እንዲገባኝ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። "በረሃብ ዘመን መንደርተኛው እህል ለመቆጠብ ሽማግሌዎቹን ከቅጥር አስወጥቶ በሩን ዘጋ። በረዶ ነበር። አንዲት አሮጊት ስታንኳኳ አደረች። ጠዋት እጇ ቀለበቱ ላይ ደርቆ ተገኘ፤ ጣቷን ሰብረው አላቀቋት።"

"ታዲያ ነውር አርማ ይሆናል?"

"እንዳይረሳ ነዋ። ልጄ ግን እንግዳ እንቀበላለን ማለት ነው ይላል።"

ልጃቸው ከኛ በመኪና ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ሰፊ ቤት አለው። ለፋሲካ ቤቴ እወስድሃለሁ ብሏቸው ነበር። ፋሲካው አለፈ፤ እሳቸው ሻንጣቸውን አልፈቱም።

እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። አባትና ልጅ ሲቀያየሙ ሽማግሌ ይገባል፤ የማውቀው ይሄን ነው። ከታኮማ ፓርክ ሁለት አዛውንት ጓደኞቼን ይዤ፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ እሳቸውን ከነሻንጣቸው መኪና ላይ ጭነን እሁድ ሄድን።

ልጁ በሩን ገርበብ አደረገ። እንግሊዝኛ የሚችለው ጓደኛዬ የመጣንበትን አስረዳውና "እሺ ካላልከን አንቀመጥም" አለው።

"ማን ተቀመጡ አላችሁ?" ብሎ ዘጋው።

ቆመን ቀረን። እኛ አገር ሽማግሌ ደጁ ቆሞ እያየ የሚያስችለው የለም፤ ያፍርና ይከፍታል። ይሄኛው ፖሊስ ጠራብን። ፖሊሱ እንኳ መሬት መሬት እያየ ነው ሂዱ ያለን።

ጀርመኑ ከዊልቸራቸው ጎንበስ ብለው በሩን አንኳኩ። የከፈተ የለም። ወደኔ ዞረው "አሁን አርማው ገባህ?" አሉኝ፤ ሳቁ። ደግ ሳቅ አልነበረም።

በረዶ ሳይጥል ሞቱ። ልጁ መጥቶ ቴሌቪዥናቸውን ጫነ፤ ጋሻውን ከዳይፐሩ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ጨመረው። እኔ አወጣሁት።

አሁን ብቻዬን ነው የምበላው። ምሳዬን ሳቀርብ ቀለበቱን ኳ ኳ አደርገውና "ይግቡ" እላለሁ።