መርከቧ ደግማ እስክትጠይቅ

ላቀችን ኮሎምበስ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ በሳቋና በመርከብ ወሬዋ ነው የሚያውቃት። ኦሃዮ ውስጥ ባሕር ፈልጎ ያገኘ የለም፤ እሷ ግን ኢስተን በሚባለው ሰፈር፣ በምትሠራበት ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ፣ አንሶላ እያጠፈች ስለ መርከብ ታወራለች። ምን ታድርግ፣ የአሰብ ልጅ ናት! አባቷ ወደቡ ላይ ዕቃ አውራጅ ነበሩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አንዲት የክርስቲያን በጎ አድራጎት መርከብ መጽሐፍና መድኃኒት ጭና መጣች፤ አባቷም እጇን ይዘው ሊያሳዩዋት ወደ ውስጥ አስገቧት። ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ! ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች እየዘመሩ ወለል ይወለውላሉ። "እኔም ከነሱ ጋር እሄዳለሁ" ስትል ተሳቀባት። ምኞቱ ግን አርባ ዓመት ሙሉ አልወጣላትም፤ ስደቱም፣ ትዳሩም፣ ብሌንደን ሰፈር የገዛችው ቤትም አላስረሳትም።

ባሏ ካረፈ፣ ልጇ ማራናታም ተመርቃ ሥራ ከያዘች በኋላ፣ "ከእንግዲህ ምን ሰበብ አለኝ?" አለች። እንዲህ ያለች መርከብ ዛሬም የአፍሪካን ወደቦች እንደምትዞር ሰምታለች። ማራናታ ማመልከቻውን ኦንላይን ሞላችላት። በወሩ ከመርከቧ ቢሮ አንዲት ሴትዮ ኮል አደረገችላት።

"የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን የሚመራ ሰው እንፈልጋለን፤ ለሁለት ዓመት። ይመጣሉ?" አለቻት በእንግሊዝኛ።

የላቀች ልብ በደስታ ዘለለ። አፏ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? "ኧረ አይሆንም! እኔ ምን ችሎታ አለኝና፣ የተሻለ ሰው ፈልጉ!"

ወይ ላቀች! እኛስ ገብቶናል። ሰው ቤት "ብሉ" ስንባል "አሁን በልተን ነው የመጣነው" እንላለን፤ "በሞቴ" ካልተባልን እጃችን አይዘረጋም። እሷም በሞቴውን ነበር የጠበቀችው። ሴትዮዋ ግን "ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይባርክዎ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ላቀች ሦስት ሳምንት ጠበቀች። ስልኩ ከእጇ አልተለየም፤ ሻንጣ ሳይቀር ገዝታ ስስ ስስ ቀሚሶቿን ከተተች። ሻንጣውን ያየችው ማራናታ ምን እንደተባባሉ ጠየቀቻት፤ ላቀችም ነገረቻት።

"ማም! ዩ ሴድ ኖ!"

"ታዲያ አንዴ ብቻ ጠይቆ መተው አለ እንዴ? ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ ነዋ!"

"ደግመው አይጠይቁም፣ ማም። ኖ ካልሽ ኖ ነው።"

ላቀች ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ስንቴ ሰምታለች! የገዛ ምላሷ እንዲህ ጉድ ስለሠራት እንደ ሕፃን አለቀሰች።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓቷ ራሷ ደወለች። ሴትዮዋ አዘነች፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ መርከቧም ባለፈው ሳምንት ተነሥታለች። "ለሚመጣው ዓመት ቦታ ይኖረናል፤ ግን እርስዎ ካልፈለጉ ላስቸግርዎ አል..."

"እፈልጋለሁ!" ብላ ጮኸች ላቀች፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላ በእንግሊዝኛ። የሥራ ባልደረቦቿ ዞረው አዩዋት። "በጣም እፈልጋለሁ! ስሜን አሁኑኑ ጻፊው!"

ሴትዮዋ ሳቀችና ጻፈች። ላቀች ወደ አንሶላዎቿ ተመለሰች። ዕድሜዋን ሙሉ ለራሷ የሆነ ነገር "እፈልጋለሁ" ብላ አታውቅም ነበር፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ደግሞ ናፍቆቱ ባሰባት። አርባውን ዓመት የቻለችው ሴት፣ ይሄን አንዱን ዓመት እንዴት አድርጋ እንደምትገፋው ጨነቃት።