ለእያንዳንዱ መፍቻ ኪስ

«ለመሆኑ ልጅዎ ሥራው ምንድን ነው?»

ደሴ ሰኞ ገበያ ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋው አብዱልወሀብ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ጠያቂው ዘካሪያ ነው። አብዱልወሀብ የዘካሪያን ልጅ ሰልዋን ለልጁ ለሙንዚር ሊጠይቅ ሽማግሌዎች አስከትሎ ኮምቦልቻ ወርዷል።

ምን ይበል? ሙንዚር ሰነፍ አይደለም። ፎቶ ቤት ገባ፤ በሁለት ወሩ ወጣ። ሞባይል ጠገነ፤ አንዱን ሳይገጥም ሌላውን እየከፈተ ጠረጴዛውን ሞላው። ባጃጅ ነዳ፤ የሞተሩን ድምፅ ሲያዳምጥ ተሳፋሪዋን ከነዘንቢሏ ከሰፈሯ አሳልፎ ይዟት ሄደ። ያሁኑ ግን ስድስት ወር ሆኖታል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ የቆሙ ከባድ መኪናዎችን ይጠግናል። እዚያ አንዱ ብልሽት ከሌላው አይመሳሰልም። ሾፌሩ ይጮኻል፣ ከኋላ ጥሩንባ ይነፋል፤ ሙንዚር ግን የትም ያልታየበት እርጋታ ይታይበታል።

አብዱልወሀብ ይህን ያውቃል። በሽማግሌ ፊት «መንገድ ዳር መኪና ሥር ይተኛል» ማለት ግን አፈረ።

«የፋብሪካ ቋሚ ሠራተኛ ነው» አለ።

ሙንዚር ማታ ሰማ።

«አባቴ፣ ምነው የምሠራውን ቢነግሯቸው?»

«እሱም ሥራ ሆኖ?»

ሙንዚር የአባቱ ቃል ውሸት ሆኖ እንዳይቀር ሐረጎን ትቶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረ። ሥራው አንድ ማሽን ፊት ቆሞ ክር እስኪበጠስ መጠበቅ ነው፤ በቀን ስምንት ሰዓት። በሦስተኛው ወር ማዶ ያለ የሌላ ሰው ማሽን ድምፁ ሲቀየር ጆሮውን ሳበው። ሄዶ እሱን ሲነካካ የራሱ ማሽን ክር ተበጥሶ ሙሉ ጥቅል ጨርቅ ተበላሸ። ተባረረ።

ዘካሪያ መባረሩን ሲሰማ የተቀጠረው ከሽምግልናው በኋላ መሆኑንም አብሮ ሰማ። ደሴ ድረስ መጥቶ ሳይቀመጥ ተናገረ።

«ሃያ ዓመት ተሳቢ ስነዳ ኖሬ ለመካኒክ አይድርም ብለው ነው? ወላሂ፣ ሐረጎ ላይ መኪና የቆመበት ሰው የመካኒክን ዋጋ ያውቃል። እኔ የጠላሁት ውሸቱን ነው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጁ እኮ...»

«አውቃለሁ። ቃሌን ግን አንስቻለሁ።»

ሙንዚር ወደ ሐረጎ አልተመለሰም። ስልኩን ዘጋው። እንቅልፍ እምቢ ብሎት ግቢው ውስጥ ሲመላለስ የነጠላ ጫማው ኮቴ አባቱን ይቀሰቅሰዋል።

አንድ ቀን ሀኒ የምትባል የአእምሮ ጤና ነርስ ኮቷን ልታሳጥር ወደ አብዱልወሀብ ስፌት ሱቅ መጣች። ሙንዚር ሲነሳ ሲቀመጥ አየችው፤ አባቱን ጥቂት ጠያየቀችና ወደምትሠራበት ክሊኒክ እንዲመጡ መከረች። ከምርመራው በኋላ አስቀምጣ አስረዳቻቸው።

«የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ይባላል። ከልጅነቱ አብሮት የኖረ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። መድኃኒትም ምክርም አለው። የሚስማማው ሥራ ግን በጣም ያግዘዋል። ምን ሲሠራ ነው የሚረጋው?»

አብዱልወሀብ አሁን መልስ ነበረው።

«መኪና ሲጠግን» አለ።

በማግስቱ ወፍራም ሸራ ገዛ። ሙንዚር መፍቻዎቹን መንገድ ላይ እየረሳ መምጣቱን ያውቃልና የተረፉትን ሰበሰበ፤ የጎደሉትን ተካ። አንድ በአንድ ሸራው ላይ እያስተኛ ዙሪያቸውን በጠመኔ አሰመረ፤ ለእያንዳንዱ ልኩን ኪስ ሰፋ።

«ባዶ ኪስ ካየህ መንገድ ላይ የረሳኸው አለ ማለት ነው» አለና ሰጠው።

ሙንዚር ሸራውን ጠቀለለ፣ ዘረጋ፣ መልሶ ጠቀለለ።

«ይህን ያኔ ቢሰፉልኝ...» አለ። አልጨረሰውም።

እሑድ ሰልዋ ለሌላ ተዳረች። በዚያው ቀን ሙንዚር ጎህ ሲቀድ ሐረጎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ግሪስ በግሪስ ሆኖ ሱቅ ተመለሰ።

«ሙሽሮቹ በአጠገቤ አለፉ። መኪና ሥር ሆኜ ጥሩንባቸውን ሰማሁ።»

ሙንዚር ሸራውን ወለሉ ላይ ዘረጋ፤ አንድም ባዶ ኪስ የለም። ከጎኑ የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ጋደም አለ። አብዱልወሀብ እንዳይረብሸው እግሩን ከስፌት መኪናው ፔዳል አነሳ። ልጁን እንቅልፍ ሲወስደው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር።