ከሲናካራ የተቆረሰ በረዶ

ኤውሎጂዮ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ የድቦቹ አለቃ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ለክብረ በዓሉ የድብ ለምድ ለብሰው፣ ፊታቸውን በሱፍ ጭምብል ሸፍነው ወደ ሲናካራ ተራራ በረዶ የሚወጡት የመንደሩ ወንዶች በእሱ አለንጋ ሥር ናቸው። ድብ መሆን ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ድብ የሆነ ሰው ጭምብሉን እስካላወለቀ ድረስ በቀጭን ድምፅ እንጂ በራሱ ድምፅ አይናገርም።

ጎረምሳ ሳለ ከበረዶው ትልቅ ግንድ የሚያህል ቆርጦ በጀርባው ያወርድ ነበር። እናቱ ማማ ቶማሳ የቀለጠውን ውሃ እንደ ጠበል ለታመመ ሰውም ለታመመ ከብትም ታካፍል ነበር። ኋላ ግን በረዶው ሸሸ። የሩብ ሰዓት መንገድ የነበረው ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚያስለፋ ሆነ።

"ጥፋቱ የኛ ነው፤ በመጥረቢያና እላዩ ላይ በምናበራው ጧፍ ጨረስነው" አሉ ግማሾቹ።

አበልጁ ፎርቱናቶ ሳቀባቸው። "ይሄን ሁሉ ተራራ በጧፍ? የባሕር ማዶ ፋብሪካና የመኪናው ጭስ ነው እንጂ!"

እውነቱን ለመናገር ልክ ፎርቱናቶ ነው፤ ኤውሎጂዮም አላጣውም። "ጭሱን ማስቆም አልችልም፤ እጄን ግን እችላለሁ" አለና በረዶ መቁረስ ተከለከለ። የቆረሰ ሦስት ይገረፋል።

ዘንድሮ ማማ ቶማሳ አልጋ ያዘች።

"ትንሽ፣ ከንፈሬን የማርስባት አምጣልኝ" አለችው።

"እማዬ! ሰው የምገርፍበትን?" ብሏት ወጣ።

የእናት ነገር ግን አላስችል አለው። ንጋት ላይ፣ ተራራው ላይ ሳሉ፣ ጡጫ የምታህል በረዶ ቆርሶ ጉያው ሸጎጣት።

ከበረዶው ሲወርዱ ድቦቹ እንደ ደንባቸው ተቃቀፉ። ፎርቱናቶ እርጥብ ነገር ነካው።

"አበልጄ፣ ምን አርሶህ ነው?" አለ በቀጭኑ።

"ላብ ነው!" አለ ኤውሎጂዮ፣ በራሱ ጎርናና ድምፅ።

ድቦቹ በሙሉ ዞሩ። አሥራ አንድ ዓመት አለቃ ሆኖ አንድም ቀን ድምፁ አምልጦት አያውቅም። ጭምብሉን አወለቀ፤ በረዶዋን አወጣ፤ አለንጋውን ለፎርቱናቶ ሰጥቶ ተንበረከከ።

"አልገርፍህም! ጭሱን የሚለቁትን ማን ገረፋቸው?"

"የኛ አለንጋ እነሱ ጋ አይደርስም፤ እኔ ጋ ይደርሳል። ምታ!"

ሦስቱንም ተቀበለ። ከዚያ በረዶዋን ራሱ ይዞ ወጥቶ ከቆረሰበት መለሳት። እዚያም ብትሆን መቅለጧ አይቀርም፤ ያም ሆኖ መለሳት።

ቤት ሲገባ ማማ ቶማሳ ከትራሷ ቀና አለች።

"አመጣህልኝ?"

"አላመጣሁም፣ እማዬ።"

ተመልሳ ትራሷ ላይ ጋደም አለች። "ደግ አደረግህ" አለችው። "ግን እኮ ልጄ፣ አምሮኝ ነበር።"

አለንጋ ያላስለቀሰው ሰው እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ።