በጉያዬ የሸሸግሁት ዓሣ

ልጅ እያለሁ ባሕር ዳር ውስጥ መስጠት ቀላል ነገር ነበር። ደጃችን ቆሞ «ስለ እመቤቴ» ያለ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ደርግ ከመጣ በኋላ ግን እሱም በቀበሌ በኩል ሆነ። መዋጮ ተጠርቶ አልሰጥም ማለት ያስፈራል፤ ላልተፈቀደለት ሰው መስጠት ደግሞ ከዚያ የባሰ ያስፈራል።

የጎረቤታችን የእትየ ዘይነባ ባል የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። «አሻጥረኛ» ተብለው ታሰሩ፣ ሱቃቸው ታሸገ፣ ቤተሰቡ እህል የሚገዛበት የቀበሌ ካርድም ተነጠቀ። «እነሱን የረዳ ከእነሱ ጋር አንድ ነው» ተብሎ በስብሰባ ተነገረ። ሰኞ ማክሰኞ አብረውኝ ይጫወቱ የነበሩት ልጆቻቸው ድምፃቸው ጠፋ።

እናቴ አላስቻላትም። ሥጋ እንዳትልክ እርዳችን ይለያያል፤ ዓሣ ግን ሁላችንም እንበላለን። አንድ ቅዳሜ ከሐይቁ ዳር ቀረሶ ገዝታ ጠበሰችና በጨርቅ ጠቅልላ ከሹራቤ ሥር ጉያዬ ውስጥ ከተተችው። «እንዳትሮጭ። የሮጠ ይጠረጠራል» አለችኝ።

የድመቶቹን ነገር ግን አላሰበችበትም። ከበር ሳልርቅ አንዷ ተከተለችኝ፣ ሌላዋ ተጨመረች፣ ወዲያው የሰፈሩ ድመት ሁሉ እየጮኸ ኋላዬ ተሰለፈ። በሹክሹክታ ብለምናቸው ማን ሰምቶኝ! መታጠፊያው ላይ ሞገስ የሚባለው የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል። ድመቶቹን አየ፣ እኔን አየ።

«ምንድን ነው የያዝሽው? ለማን ነው?»

አባቴ ከሚሠራበት ፋብሪካ ታስሮ ሲወሰድ፣ እናቴ ደረቷን ስትመታ ታየኝ።

«ለእርስዎ ነው» አልሁት። «እናቴ ናት የላከችኝ።»

አፈጠጠብኝ። ከዚያ ሳቀና ጥቅሉን ተቀበለኝ። «እናትሽን እግዜር ይስጥልኝ በያት» አለ።

እናቴ ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አልመታችኝም። የእትየ ዘይነባ ልጆች ጦማቸውን አደሩ፤ እኔም እያለቀስሁ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ሁለት ዓሣ ይጠበስ ጀመር። የሞገስን አስቀድሜ አደርሳለሁ፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሲበላ የእትየ ዘይነባን ይዤ በኋላው አልፋለሁ። እያወቀ ይሁን ሳያውቅ ዛሬም አልገባኝም። ባለቤታቸው እስኪፈቱ ድረስ እንዲሁ ተመላለስሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳልፈራ አልሄድሁም።

አሁን እርዳታ በስልክ ይላካል፤ በአዳራሽ ይሰበሰባል፤ የሰጪው ስም ተጠርቶ ይጨበጨባል። ክፉ ነው አልልም፤ ብዙ ሰው ይጠግብበታል። በቅርቡ ለሰፈራችን ጧሪ አልባ አረጋውያን ሲሰበሰብ እኔም የአቅሜን ሰጠሁ። ስሜን በድምፅ ማጉያ ጠሩት። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን እንደዚያ ዘመን ይዞ ሊያስረኝ የሚመጣ ሰው እንዳለ ለማየት በሩን በሩን አይ ነበር።